መዝገብ አይረሳም

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ለማንም ነግሬው የማላውቅ ነገር አለኝ፤ ይህን ደብተር የገዛሁት እሱን ለመጻፍ ነው። ታናሽ እህቴ ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ ልብሷን በጨርቅ ጠቅልላ ደጄ ላይ የቆመች ዕለት፣ ከመደንገጤም ከማዘኔም በፊት ደስ አለኝ።

ይኸው። ሃያ ስድስት ዓመት ከአፌ ያልወጣው በአንድ መስመር አለቀ።

ደስታው አልቆየም፤ የጣድኩት ውኃ እስኪሞቅ እንኳ አልቆየም። ነበረ ግን። ትምህርት ቤት የተላከችው እሷ ናት። እኔ ትልቋ ስለሆንኩ ቤት ቀርቼ ዩኒፎርሟን አጥብ ነበር። ማንበብ የተማርኩት እሷ ጽፋ ከጣለቻቸው ደብተሮች ነው፤ ማንም ሳያስተምረኝ፣ ጓዳ ውስጥ እየተደበቅሁ። አድጋም የተማረ ባል አገባች። ያን ቀን ፊቷን ሳየው አንድ ነገር በውስጤ «እሰይ፣ ትምህርትሽም አላዳነሽ» አለ። አፌ ያወጣው ሌላ ነው። «ባልሽ አይደል፣ ቻይው» አልኳት። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ዛሬስ እዚሁ ትደር» ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ፊቷን አጥቤ፣ ሻይ አጠጥቼ፣ እስከ ባሏ ደጅ ሸኘኋት።

በአምስተኛው ወር «ወድቃ ሞተች» ብለው ላኩብን። ከምን ላይ እንደወደቀች የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ይህን ለምን ዛሬ እንደጻፍኩት አላውቅም። ዛሬ የተለየ ነገር አልነበረም። አዲሷ ነርስ ወደ ማኅበራችን መምጣቷ ብቻ ነው።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

የሴቶች ማኅበራችን ያለው ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊት ባለው ሦስት የስፌት መኪና አለ። የሚታጠብ ሞዴስ እንሰፋለን፤ ሴት ተማሪዎች በወር አበባቸው ሰሞን ከትምህርት እንዳይቀሩ። የኋላው ክፍል ሁለት አልጋና ከውስጥ የሚቆለፍ መቀርቀሪያ አለው። ከቤቷ የሸሸች ሴት እዚያ ታድራለች። የበሩ ቁልፍ እኔ አንገት ላይ ነው። ትልቁ መዝገብም እኔ ጋ ነው። ማን መጣች፣ መቼ፣ ምን ሆና፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ «እጅሽ ማተሚያ ቤት ነው» ይሉኛል። ሴቶቹ ስሜን ትተው «እትዬ መዝገብ» ይሉኛል። «መዝገብ አይረሳም» ይላሉ።

ነርሷ የመጣችው ከጤና ጣቢያው ነው፤ ከሥራ ሰዓቷ ውጭ ልታግዘን። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ወንበር እያለ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል፤ ነርስ እንደሚጠራው። እኔ አልጠራኋትም። በእህቴ ደብተር ላይ በሁለት ዓምድ የተጻፉ ቃላት ነበሩ፤ በግራ የፈረንጁ፣ በቀኝ ትርጉሙ። «ሲስተር» ከሚለው ትይዩ «እህት» ይላል። «አንቺ» ካልኳት ይበቃል።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ

ነርሷ «እኔም ልስፋ» ብላ መኪና ላይ ተቀመጠች። ክሩን በግልባጭ አስገባችው። ስፌቷ እንደ ሰካራም አካሄድ ተንጋደደ። ጎረቤታችን ሻይ ሻጯ ብርጭቆ ልትሰበስብ ገብታ ነበርና አንሥታ አየችው።

«ሲስተር፣ ይህን ያደረገች ልጅ ትምህርት ቤት የምትደርሰው በጎን እየሄደች ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ የበለጠ የሳቀችው ራሷ ናት። ሞዴሱን እንደ ባርኔጣ ጭንቅላቷ ላይ ደፋችው። ስለ ወር አበባ ሲነሣ መሬት መሬት የሚያዩት ልጃገረዶች እንኳ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ከዚያ ጥያቄ መጠየቅ ጀመሩ። ማሳከክ ደህና ነው ወይ፤ ደሙ ሁለት ሳምንት ቢቆይስ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔን አንዷም ጠይቃኝ አታውቅም።

ቀጥ አድርጌ የሰፋሁትን ማንም አላየልኝ። እሷ አጣማ ሰፍታ ተወደደች።

ሁሉም ሲሄዱ ፈትቼ ደግሜ ሰፋሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ዝናብ። ስድስት ሴቶች መጡ። ስድስቱም ወደ እሷ። እኔ «መቼ ነው፣ የት ነው፣ ምን ሆንሽ» እላለሁ፤ መልሱ አንድ መስመር ይሆናል። እሷ የምትለው «ከዚያስ?» ብቻ ነው። ከዚያስ፣ ከዚያስ እያለች የዓመታት ጉዳቸውን ትመዛለች። እኔም «ከዚያስ» ማለት እችል ነበር። የከለከለኝ አልነበረም።

ሰኔ 17፣ ሰኞ

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ለፊደል መጣች። ባሏ ሌሊቱን ጋግሮ ቀን ሲተኛ፣ ሰኞ ሰኞ፣ ልጇን አዝላ ትመጣለች፤ ዓመት አለፋት። አንዳንድ ሰኞ ትቀራለች። ለምን እንደምትቀር ጠይቄያት አላውቅም። «መዝገቡ ላይ ስለ እኔ ምን እንደተጻፈ ራሴ ማንበብ እፈልጋለሁ» ብላ ነው የጀመረችው። «ከ» የሚለው ፊደል ላይ ደርሳለች። እርሳሱን አጥብቃ ስለምትይዘው ወረቀቱ በጀርባው በኩል ይጎብጣል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ከእኔ ሌላ ወዳጅ አልነበራትም። ዛሬ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አራት ጊዜ «ሲስተር እንዲህ አለችኝ» አለች። አልቆጠርኩም፤ እንዲሁ ጆሮዬ ቆጠረው።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

ነርሷ መዝገቡን ልየው አለች። ሰጠኋት፤ ምን ብዬ ልከልክል። ጥግ ይዛ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣ በእርሳስ ጫፍ እየቆጠረች አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ «እዚህ ሰፈር ደረጃ ያለው ቤት ስንት ነው?» አለች።

«ደረጃ?» አለች ሻይ ሻጯ። «እኛ ሁላችን መሬት ላይ ነን። ከዚህ ወዲያ ወዴት ይወረዳል?»

«ታዲያ አርባ አንድ ሴት ከምን ላይ ነው የወደቀችው?»

መዝገቡን ወደ እኔ አዞረችው።

አርባ አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ወደቀች፣ ግንባሯ ተፈነከተ። ወደቀች፣ ጥርሷ ወለቀ። ወደቀች፣ ጽንሷ ወረደ። በዚያ በሚመሰገን እጄ፣ ቀጥ ባለ መስመር።

አጠገቤ መጥታ ዝቅ ባለ ድምፅ «እትዬ፣ እርስዎ ያውቁ የለም?» አለችኝ።

«ያሉኝን ነው የምጽፈው።»

«እሱማ ልክ ነው» አለች። ክፋት አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ሊቀመንበራችን ሐሳቧን ወደዱት። እያንዳንዷን ሴት እንጠይቃለን፤ የፈቀደችውን መስመር እናስተካክላለን፤ ከዚያ መዝገቡን ይዘን ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን። ፖሊስ ጣቢያው ሴት መርማሪ እንዲመድብ፣ ጤና ጣቢያውም የሰማውን ሳይሆን ያየውን እንዲጽፍ እንጠይቃለን። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አልካድኩም። ዘጠኝ ዓመት የጻፍኩት እኔ፣ ባንድ ከሰዓት ያነበበችው እሷ። ማታ ስንወጣ አንዷ «የሲስተር መዝገብ» ስትል ሰማሁ።

ሰኔ 24፣ ሰኞ

ወ ደረስን። «በወ የሚጀምር ቃል አምጪ» አልኳት የዳቦ ጋጋሪውን ሚስት።

«ወተት» አለች። «ወፍ።» ቆየችና «ወደቀች» አለች።

«እሱን ለመጻፍ ደ ያስፈልግሻል። ደ ገና ነው።»

«ደ እስኪደርስ እዚያ ቤት የምቆይ አይመስለኝም» አለችና ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ነገረችኝ። ሐሙስ ባሏ ዱቄት ሊያመጣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይሄዳል፤ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አይመለስም። በአራት ሰዓት ልጇን ይዛ ትወጣለች። ሐሙስ ማኅበሩ ዝግ እንደሆነ ታውቃለች። «ለሲስተር ይንገሩልኝ እትዬ። በሩን ከፍታ ትጠብቀኝ። እሷ ካለች አልፈራም።»

ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን ስትለኝ ዓይኗ እሱ ላይ ነበር።

«እሺ» አልኳት።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ነርሷን አገኘኋት። በሰው ተከባለች። ነገ እነግራታለሁ።

እሷ ካለች አልፈራም። ሀ ብላ የጀመረችው እኔ ጉልበት ሥር ተቀምጣ ነው።

ሰኔ 26፣ ረቡዕ

ለነርሷ የሚነገር፦ የሞዴሱ ጨርቅ አልቋል። ቁጥር 14 የመኪና መርፌ ይገዛ። ሌላም ነገር ነበር።

ስለ ጨርቁ ነገርኳት። ስለ መርፌውም ነገርኳት። እጄን ይዛ «ሌላስ እትዬ?» አለችኝ። እጇ ሞቃት ነው።

«ሌላ የለም።»

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

ራሴን አሞኛል። አልወጣሁም። ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። አሮጌ መጋረጃ ስጠቅም ዋልኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ራስ ምታቱ ተወት አድርጎኝ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ባሰብኝ። አምስት ሰዓት ላይም እንደዚያው። ስድስት ሲሆን ተሻለኝ፤ ምሳ በላሁ።

ሰኔ 28፣ ዓርብ

ረሳሁት።

ሻይ ሻጯ ናት የነገረችኝ። «ትናንት በዚያ ዶፍ ልጇን አዝላ እዚህ በር ላይ ተገትራ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ። ወደ እኔ ገብተሽ ተጠለይ ብላት ሲስተር ትመጣለች ብላ ከበሩ አልነቀል አለች። ወፍጮው ተበላሽቶ ኖሮ ባሏ ቶሎ ተመለሰ። ሲወስዳት ብታይ፣ ቀስ ብሎ ነው። ጃንጥላ ይዞላት ነበር።»

የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሯል። ጤና ጣቢያ «ወድቄ ነው» አለች። ነርሷ ለሌላ ሥራ ወጥታ አላገኘቻትም።

ሊቀመንበራችን «አስፍሪው» አሉኝ። አሰፈርኩ። «ሰኔ 27። ወደቀች። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ።»

የቀኝ እጇ። እርሳስ የምትይዝበት።

መርሳት የሰው ነው። ማንም ይረሳል። ረሳሁት።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ሴቶቹ በነርሷ ላይ ማጉረምረም ይዘዋል። «አፍማ አላት።» «ከዚያስ፣ ከዚያስ ትላለች፤ በሩ ላይ ስትፈለግ ግን የለችም።» «እንግዳ ሰው መቼም እንግዳ ነው፤ ነገ ሌላ ቦታ ይቀይሯታል፤ እኛ ግን እዚሁ ነን።»

እኔ ምንም አላልኩም። ክፉ ቃል አላወጣሁም። ዛሬ ሦስት ሴቶች ወደ እኔ ጠረጴዛ መጡ፤ አንዷ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ «እርስዎ ይሻላሉ እትዬ መዝገብ፤ እርስዎ አይለወጡም» አለችኝ። እራት በደንብ በላሁ። ይህን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ልጠይቃት ሄድኩ። ቤታቸው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ግድግዳው ከምድጃው የተነሣ ሲነኩት ይሞቃል። የከፈተልኝ ባሏ ነው፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው። «ይግቡ እትዬ» አለኝ። «ወድቃብኝ እኮ ነው። ጥንቃቄ የላትም።» ድምፁ ለስላሳ ነው። ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ተቀበልኩት።

ወደ ምድጃው ሲመለስ በሹክሹክታ «ነግረዋት ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።

አንገቴን ነቀነቅሁ።

«ብያለሁ። እትዬ መዝገብ አይረሱም ብያለሁ። የተወችኝ እሷ ናት።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሁለተኛ ወደዚያ ቤት እግሬን አላነሣም። ይግደለኝ ከፈለገ፤ በር ላይ ቆሞ ከመጠበቅ ይሻላል።»

ነግሬያታለሁ አላልኩም። ይህ ይመዝገብልኝ። አንገቴን ብቻ ነው የነቀነቅሁት።

ዳቦውን ለጎረቤት ውሻ ሰጠሁት።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ነርሷ ብቻዬን ስሆን ጠብቃ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አልተቀመጠችም፤ ቆመች።

«መልእክት ልኬላት ነበር ትላለች አሉ። በማን እንደላከች አትናገርም። እኔ ምንም አልሰማሁም እትዬ። ወይስ ነግረውኝ በሥራ ብዛት ሳላዳምጥ ቀርቼ ይሆን? ሌሊት ሌሊት ይህንኑ ነው የማስበው። ሁለት ጊዜ ሄጄ በሩን ዘጋችብኝ። ሦስተኛ ብሄድ እሱ ያገኘኛል፤ ዕዳው ለእሷ ነው።»

ዓይኗ ቀልቷል። እንዲህ ሆና አላየኋትም ነበር። እንዲህ ሆና ማየት ፈልጌ ነበር፤ አሁን ግን ስታለቅስ ማየቱ ደስ የማይል ልጅ መሰለችኝ፤ የአንድ ሰው ታናሽ።

«ይረሳል» አልኳት። «ማንም ይረሳል።»

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ዳቦ ቤት አልታየችም። ትናንትም አልታየችም። ሻይ ሻጯ ሕፃኗ ስታለቅስ ሰምታለች። እናትየዋን አልሰማችም።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ዛሬ ሥራ አልሄድኩም። የእህቴን ደብተሮች ከሣጥን አወጣሁ፤ ስድስት ናቸው። ስንት ዓመት ሆነኝ ካየኋቸው። ከጠዋት ጀምሬ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ገለጥኩ። ሒሳብ፣ የአፈር ዓይነት፣ የፈረንጅ ቃላት። ከአራተኛው ደብተር በስተኋላ ያለውን ግን በጣቴ እየዳበስኩ ቆየሁ። የተማርኩበት ገጽ ነው። ከሀ እስከ ፐ፣ እያንዳንዱ ፊደል እንደ እንቁላል ገዝፎ ተጽፏል፤ አጠገቡ ሥዕል አለ። ለበ በግ፣ ለቀ ቀለበት፣ ለወ ወፍ። ወፏ አንድ እግር ነው ያላት።

ይህ ደብተር የሰባተኛ ክፍል ነው። ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በግ ሥላ በ ብላ አትጽፍም። ለራሷ አትጽፍም።

እኔ የጣለችውን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ሁልጊዜ ጓዳ ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያው ሣፋ ሥር ነበር የማገኘው። ከእኔ በቀር ሣፋውን የሚያነሣ አልነበረም።

ማንም ሳያስተምረኝ ብዬ ጽፌአለሁ፣ እዚሁ ደብተር ላይ፣ በመጀመሪያው ቀን። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ስል ኖሬአለሁ፤ በእሱ ስኮራ። እሷ አንድ ቀን እንኳ «እኔ ነኝ» አላለችኝም። ተሰንጥቆ በመጣው ከንፈሯም አላለችኝም።

አልረሳሁም። ማክሰኞም አልረሳሁም፣ ረቡዕም አልረሳሁም። ሐሙስ በአራት ሰዓት ሰዓቱን እያየሁ ነበር።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ስብሰባ። ሃያ ሁለት ሴቶች። አጀንዳው ነርሷ ናት። ሁልጊዜም ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ያዝኩ።

ሻይ ሻጯ «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልጅቷ ሲስተር ትመጣለች እያለች ነው የበሰበሰችው» አለች። ሌላዋ «ቁልፍ ተቀብሎ በር የማይከፍት ሰው መዝገባችንን ይዞ ጽሕፈት ቤት እንዴት ይሄዳል?» አለች። ነርሷ ተነሣች። «መልእክቱ አልደረሰኝም። ግን እጇ የተሰበረውን ሴት ዋሽታለች አልልም። እናንተ ካላመናችሁኝ ሥራው ከሚበላሽ እኔ ብሄድ ይሻላል» ብላ ቦርሳዋን አነሣች።

ሊቀመንበራችን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እንግዲህ ጻፊው» አሉኝ። «ሲስተር መልእክት ደርሷት በሩን ስላልከፈተች...»

«ሲስተር መልእክት» ብዬ ጻፍኩ። ብዕሩ እዚያ ቆመ። ቀጣዩ ቃል በደ ይጀምራል።

«አልደረሳትም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ለሲስተር አልደረሳትም። እኔ ጋ ነው የቀረው።» በዚያ ቤት ውስጥ ቆሜ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። «መልእክቱም እኔ ጋ ነበር፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነበር። ረስቼ አይደለም። ቀንቼ ነው።»

ሻይ ሻጯ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች። ከዚያ፣ ለማንም ሳይሆን ለብርጭቆዎቿ፣ «መዝገብ አይረሳም ስንል ነበር እኮ» አለች። ሌላ ቀን ቢሆን የሚሳቅበት ነበር።

ሊቀመንበራችን መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ገመዱ ያረፈበት ቦታ አሁንም ይበርደኛል።

ሲስተር በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ለእሷስ ማን ይነግራታል?»

«እኔ።»

ሐምሌ 25፣ ሐሙስ

ሦስት ሰዓት ላይ ባሏ በጋሪ ወደ ወፍጮው ሲሄድ ከሻይ ሻጯ ደጅ ሆኜ አየሁት። ገባሁ። በግራ እጇ የዳቦ ቅርጾቹን ታብሳለች። ዓይኗ ሥር አዲስ ጥቁረት አለ።

ቆሜ ነገርኳት። ሰኞ እንደነገረችኝ፣ ማክሰኞ እንዳልነገርኩ፣ ረቡዕ እጄን ይዛ «ሌላስ» ስትለኝ «ሌላ የለም» እንዳልኩ። አንገቴን መነቅነቄንም። ማበሷን አላቆመችም።

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

«በማን?»

«በሲስተር። እሷ ካለች አልፈራም ስላልሽ።»

ጨርቁን አስቀመጠች። «እኔ ልጄን አዝዬ ዶፍ ላይ ቆሜ፣ እርስዎ ቤትዎ ቁጭ ብለው ቀኑ።» ጮክ አላለችም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። «ሲስተርን ሁለት ጊዜ በር ዘግቼባታለሁ። ይህን ያውቃሉ? በእርስዎ ምላስ።»

«አውቃለሁ።»

«ዛሬስ በሩ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው። ሲስተር ቆማለች። ሊቀመንበራችንም አሉ። እኔ ቁልፍ የለኝም።»

ሽርጧን ፈታች። ልጇን ከምንጣፉ አንሥታ ላዝልልሽ ሳልላት በአንድ እጇ አዘለች። የልብሷ ጥቅልል ከዱቄት ከረጢቶቹ ኋላ ነበር፤ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ አልፈታችውም። አነሣሁት። አልከለከለችኝም፤ እባክዎም አላለችኝም። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ፣ መንገዱን ተሻገርን። ጥቅልል ይዤ ከተመታች ሴት ኋላ ስሄድ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ወደ ባሏ ቤት ነበር።

በሩ ላይ ሲስተር አቀፈቻት። እኔ ጥቅልሉን ደፉ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ።

ነሐሴ 3፣ ዓርብ

ሊቀመንበራችን መዝገቡን መለሱልኝ። ቁልፉን አይደለም። «በሌላ እጅ ከተጻፈ አጭበረበሩ ይሉናል፤ አንቺው ያበላሸሽውን አንቺው አርሚ» አሉኝ። ሴቶቹ አንድ በአንድ መጡ። ሲስተር «ከዚያስ?» ትላለች፤ እኔ እጽፋለሁ። ከአርባ አንዱ ሃያ ሰባቱ ፈቀዱ። ዘጠኙ ሰፈር ለቀዋል። አራቱ «ተይው፣ ወደቅሁ ይበል» አሉ፤ ተውነው። አንዷ ሞታለች።

የሰኔ 27ቱን መስመር ሰርዤ ከላዩ ጻፍኩ። «ባሏ ሰበራት። በሩ ዝግ ነበር። መልእክቷን ያላደረስኩት እኔ ነኝ።» ሲስተር የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይውጣ አለችኝ፤ ለጽሕፈት ቤቱ አያስፈልግም ብላ። አልተውኩትም።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ

ጽሕፈት ቤት ሄድን። ኃላፊው መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ጽሕፈቱ ያምራል» አለ። ሊቀመንበራችን «ለጽሕፈቱ አልመጣንም» አሉት፤ እንደ ተማሪያቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ሴት መርማሪ ትመደባለች ተባልን። ሁለት ቀን። ሻይ ሻጯ «በቀሩት አምስቱ አትምቱ ብለን ማስታወቂያ እንለጥፍ» አለች። ዳቦ ጋጋሪውን ግን ጣቢያው ጠርቶታል።

ስንመለስ ሁለቱ፣ ሲስተርና እሷ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከፊቴ እየሳቁ ይሄዱ ነበር። ቆጠቆጠኝ። ዛሬም ቆጠቆጠኝ። ይሄዳል ብዬ ነበር፤ አልሄደም። ለይቼ አወቅሁት ብቻ፤ ሲመጣ ዳናውን እሰማለሁ።

ነሐሴ 20፣ ሰኞ

ጀሶው ከእጇ ወጥቶላታል። ስፌት መኪናው ላይ ነበርኩ። ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጋ ቆመች።

«ይቅር አላልኩዎትም» አለችኝ።

«እሺ።»

«ፊደሉ ግን አላለቀም።»

ወንበር ሳብኩላት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ዐን፣ ዘን፣ ዠን፣ የን ከሲስተር ጋር ጨርሳለች፤ በሲስተር እጅ የተንጋደዱ ናቸው፤ አላረምኳቸውም። ዛሬ ደ ነበር። አንጓዋ ገና ስለሚያማት እርሳሱ ይንቀጠቀጣል። አንድ መስመር ሙሉ ደ ጻፈች። ከዚያ «ቃል ልጻፍ?» አለች።

የትኛውን እንደምትጽፍ ያወቅሁ መስሎኝ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ስመለስ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ነበር። ደ፣ ረ፣ ሰ።

«ደረሰ» ብላ አነበበችልኝ።

«ለምን ይህን መረጥሽ?»

«ቀላል ነው። ሦስቱም ግዕዝ ናቸው፤ እግርም ክንድም የላቸው።» ደብተሯን ዘጋች። ስትወጣ ቆም ብላ «ደግሞ እዚያ ሲጽፉ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት እያሉ አይጻፉኝ። የማንም ሚስት አይደለሁም» አለችኝ።

ይህን ደብተር የምትቀበለው እሷ ናት፤ ተማሪዬ። ከጀ እስከ ፐ ዘጠኝ ይቀሯታል። ስትጨርሳቸው እሰጣታለሁ። ማንም አያነብላትም፤ ሲስተርም ብትሆን። ከመጀመሪያው ገጽ፣ ደስ አለኝ ከሚለው ጀምራ ራሷ ታንብበው። አንዱን መልእክቷን አስቀርቻለሁ። ይህን በእጇ አስረክባለሁ።